ዲኤክስን ማን ይጠግናታል?

የአዲስ አበባ ነዋሪ «ዲኤክስ» ሲል በአእምሮው የምትመጣለት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዲኤክስ በፋብሪካው ዘንድ የደረጃ መጠሪያ እንጂ የመኪናዋ ስም አልነበረም፤ ስም አድርገን ያጸደቅነው እኛ ነን። ይህች መኪና ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሞልቷታል። በብዙ አገር ይህን ዕድሜ ያስቆጠረ ተራ የቤት መኪና ለብረት አቅላጭ ይሰጣል። በእኛ አገር ግን በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ብር ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ቤተሰብም ያስተዳድራል። ለምን?

መልሱ የጃፓኖች ጥበብ ብቻ ነው የሚል አይጠፋም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ዋናው መልስ በሕጎቻችን ውስጥ ይገኛል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ቀጣ። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ጭስ የሚተፋና ለአደጋ የሚያጋልጥ መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ከእንግዲህ እንደማይገባ አስታወቀ።

ልብ ይሏል፤ ሁለቱም እርምጃዎች የሚመለከቱት ገና ከበር ላይ ያለውን መኪና ነው። ቀድሞ የገባውስ? በሩ ሲዘጋ የውስጡ ተወደደ። የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆኖ ሳለ በደመወዝ የሚኖር መምህር አሮጌዋን ጥሎ ወደ አዲሱ ሊሸጋገር አይችልም። ስለዚህ ይጠግናታል። አሮጌ መኪናን ለማስወገድ የታሰበው ፖሊሲ የአሮጌዋን መኪና ዕድሜ የሚያራዝም ሆኖ አረፈው።

ጥገናውስ ምን ይመስላል? የዲኤክስ የዘወትር ሕመም ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ አንዲት የራዲያተር ክዳን ናት። የክዳኗ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል። በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ሲሞላ ደግሞ ራዲያተሩ በዝገት ይደፈናል። አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ይግላል። ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ በሙቀት ጊዜ ከታችኛው የብረት አካል ይበልጥ ስለሚለጠጥ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ ቴስታታው ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ይላካል፤ ጓርኒሲዮንና ዘይት ይገዛል፤ የመካኒኩ የእጅ ዋጋም አለ። በአንዲት ክዳን ዋጋ ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር የወር ደመወዝ ይዞ ይሄዳል።

ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ኩሽኔታው፣ ማርሚታው ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ባለመኪና ሁሉ ያውቃቸዋልና አላትትም። (ስማቸው እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ መሆኑ የጋራዣችንን ታሪክ ይናገራል።)

ይበልጥ የሚያስፈራው ግን መኪናዋን የማያስቆመው ብልሽት ነው። ሞተር ሲሞት መኪናዋ ትቆማለች። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ፣ የእግር ጎሚኒ ሲበላ፣ የመሪ መገጣጠሚያ ሲላላ ግን ትሄዳለች። ኪሱ የሳሳ ሰው ለነገ የሚያሳድረው ይህንኑ ነው፤ ሞተሩን ካልጠገነ ሥራ አይውልም፣ ፍሬኑን ካልጠገነ ግን ዛሬን ይውላል። ቢገዛም እንኳ በሶማሌ ተራ ከተደረደሩት ሸራዎች የትኛው እንደሚይዝና የትኛው እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው በሻጩ ቃል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ የሚደረግ ምርመራ የዛሬን ሁኔታ ያያል እንጂ የሚቀጥሉትን አሥራ አንድ ወራት አይጠብቅም።

በዚህ ላይ የምንዛሬው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ130 ብር አልፏል። ከውጭ በ100 ዶላር የሚመጣ ዕቃ በባንክ ሂሳብ ከ5,700 ብር ወደ 13,000 ብር ተሻግሯል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ ነጋዴ ቀድሞውንም ዶላሩን ከትይዩ ገበያ ያገኝ ስለነበር ጭማሪው ሁሉ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀረጡና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በብር በተተመነው ዋጋ ላይ ነውና ብር በወደቀ ቁጥር የመንግሥት ድርሻም በብር አብሮ ያድጋል። የፍሬን ሸራ ከቅንጦት ዕቃ እኩል ለግምጃ ቤት ገቢ ማሳደጊያ መሆን ይገባዋልን?

የኤሌክትሪክ መኪናን ሐሳብ የሚቃወም ሰው አይደለሁም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሬ የምንገዛ አገር ነን። ነገር ግን ሽግግሩ ዓመታትን ይወስዳል፤ እስከዚያ በየመንገዱ የሚሄዱት እነዚሁ ናቸው። የፍሬን፣ የመሪና የእግር ዕቃዎች፣ ጎማም ተጨምሮ፣ ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ይደረጉ፤ በምትኩ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ጥራታቸው ይፈተሽ። ለኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ማበረታቻ የሰጠ መንግሥት ይህን ማድረግ አያቅተውም። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም።