የመተንፈሻ መሣሪያና የአስመጪው ኃላፊነት

ለሕመምተኛ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ እንደ ሌላው ሸቀጥ ተሸጦ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፊሊፕስ ኩባንያ በአንዳንድ የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ ውስጥ ድምፅ ለማፈን የገባው ስፖንጅ እየፈረሰ ብናኙ ወደ ሕመምተኛው ሊገባ እንደሚችል ገልጾ፣ እጅግ ብዙ መሣሪያዎችን እንዲመለሱ ማስታወቁ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ፣ አስመጪው የእያንዳንዱን መሣሪያ መለያ ቁጥርና የገዛውን ሐኪም ቤት ስም በመዝገብ ካልያዘ ማንን ያስጠነቅቃል?

ስለዚህ ክቡራን አስመጪዎች መዝገቡን በሚገባ እንዲይዙ፣ ማጣሪያውን፣ ባትሪውንና መለዋወጫውን ከመሣሪያው ጋር አብረው እንዲያስመጡ፣ ለሐኪም ቤቱም ሠራተኞች አሠራሩንና የማስጠንቀቂያ ደወሉን ትርጉም የሚያስተምር ባለሙያ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን። መብራት በጠፋ ሰዓት ባትሪው ደክሞ መሣሪያው ቢቆም፣ ኪሣራው በገንዘብ የሚተመን አይሆንም።