የጀልባዎቻችን ምስክር ማን ነው?

በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማረ ሰው «አውቃለሁ» ስላለ ብቻ አይታመንም። መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ተሰምቶና ታርሞ ነው የሚመሰክረው። ከማን እንደተማረ ሲጠየቅም የመምህሩን ስም ይጠራል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ግን የዚያ አገር ልጅ ነኝና «ይመስለኛል» እና «ተመስክሯል» አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

ስለ ቀይ ባሕር ስንሟገት ይህ ጠባያችን የት ይገባል? ሁሉም «ባሕር ኃይል ነበረን» ይላል። እሺ፣ ነበረን። ምን ሠራ?

ማስ 213 የምትባል አሮጌ የጣሊያን ቶርፒዶ ጀልባ ነበረች። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም ምጽዋ አጠገብ ኬፕታውን የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር መታች። ምጽዋ በዚያው ቀን እጇን ሰጠች። የተሸናፊ ጦር ትንሽ ጀልባ ናት፤ ሆኖም ቁጥሯም፣ ቀኗም፣ የመታችው መርከብም ተመዝግቧል።

የኛዎቹስ? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዩጎዝላቪያ ሁለት ቶርፒዶ ጀልባዎች መጡ። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ሞል እና ቱርያ የተባሉትን ጨመረች፤ እያንዳንዳቸው አራት የቶርፒዶ ማስወንጨፊያ ነበራቸው። ቶርፒዶ የተሠራው መርከብ ለማስጠም ነው። ሻዕቢያ ግን የሚሰምጥ የጦር መርከብ አልነበረውም፤ ፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ነበሩት። የካቲት 1982 ምጽዋን ሲይዝም ዋናው ጥቃት የመጣው ከየብስ ነው። በ1983 ወደብ ያጡት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ሸሹ፤ ከጊዜ በኋላ የተረፉት ተሸጡ።

«አሁን ይህን ማንሳት የባሕር በር ጥያቄያችንን ያዳክማል» የሚሉኝ አሉ። የለም፣ የሚያዳክመው ዝምታው ነው። በኛ ሙያ ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚነበበው ሎጉ ነው። ለምን እንደወደቀ ሳያዩ መልሶ ማስነሳት እዚያው ቦታ እንዲወድቅ መፍረድ ነው። የኛ ጀልባዎች በአብዛኛው የተሰለፉት የውጭ መርከብ ላይ ሳይሆን በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነው። ይህ ያማል። ቢያምም ይጻፍ።

ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተቋቋመ ነው። አርማና የደንብ ልብስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን መዝገቡን ክፈቱ። በ1983 የ25 ዓመት ወጣት የነበረ መርከበኛ ዛሬ 60 ሞልቶታል። ትዝታውን በግሉ የጻፈ ይኖራል፤ የሁሉም ታሪክ ግን በአንዳንድ ሰዎች ትጋት ላይ መንጠልጠል የለበትም። የየጀልባው ስም፣ የባሕርተኞቹ ዝርዝር፣ የወጣችበት ቀን፣ የተኮሰችበት ዒላማ፣ የሞተባት ሰው፣ መጨረሻዋ ይመዝገብ። ለፉከራ የሚመችም የማይመችም አብሮ ይግባ።

ቤተ ልሔም ያልመሰከረ አያስተምርም። ያልተመሰከረ ታሪክ ይዞ ልጆችን ወደ ባሕር መላክም እንዲሁ ነውር መሆን አለበት።