ታዛ የሌለው ከተማ

ከተማ ሁለት ነገሮችን ተመልክቶ መታነፅ አለበት፤ የሚኖርበትን ሰውና የቆመበትን አገር የአየር ጠባይ። ከእነዚህ አንዱን የዘነጋ ከተማ፣ ፎቁ ምንም ያህል ቢረዝም፣ መስተዋቱም ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ፣ የመጋዘን ክምችት እንጂ ከተማ ሊባል አይገባውም። ይህን እንድንል ያስገደደን በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል በቡናና በደን መካከል የሚያድጉት ከተሞች፣ በተለይም ሚዛንና ቴፒ፣ ዛሬ የያዙት የአሠራር ፈሊጥ ነው።

ጉዳዩ የሚያቆዩት አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ መቀመጫው በአንድ ከተማ ብቻ ሳይወሰን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፈለ። ቀደም ብሎም በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ በሁለቱ ከተሞች ግቢዎቹን ከፍቶ ነበር። ሚዛን ተፈሪና የአውሮፕላን ማረፊያዋ ጎረቤት አማን፣ ትናንት በመካከላቸው ማሳ የነበረው፣ ዛሬ ሚዛን አማን ተብለው አንድ ከተማ ሆነዋል። ቢሮው፣ ባንኩ፣ ሆቴሉና የነጋዴው ፎቅ ተከታትለው በመነሣት ላይ ናቸው። ዛሬ የሚቆም ግድግዳ የሃምሳና የስልሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ነውና፣ ክርክሩ መደረግ ያለበት ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነው።

ዝናቡና ግድግዳው

የዚህ አገር የመጀመሪያው መሐንዲስ ዝናብ ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይጥላል። ቁጥሩን ወደ ኑሮ እንመንዝረው። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ክዳን በዓመት ቢያንስ 150,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሰባት መቶ ሃምሳ ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ ሁለት መቶ ክዳን ሲደረደር፣ መሬቱም በሲሚንቶና በአስፋልት ሲደፈን፣ ከሁለት መቶው ክዳን የወረደው ውሃ በስተመጨረሻ የሚያርፈው በቁልቁለቱ ግርጌ ባለው የድሀ ቤት ላይ ነው። ጎርፍ የተፈጥሮ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ የአሠራር ውጤትም ነው።

የጥንቱ ቤት ሠሪ ይህን ሒሳብ በወረቀት ባያሰላውም በእጁ ያውቀው ነበር። የቤንቹ፣ የሸኮው፣ የካፋውና የሸካው ክብ ቤት ከግድግዳ ይልቅ ክዳን ነው። ሣሩ ዝቅ ብሎ ወርዶ ጭቃውን ከዝናብ ይከልላል፤ በቤቱ ዙሪያ ያለው እንሰትና ቡና ደግሞ ከክዳኑ የወረደውን ውሃ ይጠጣል። ቤትና ጓሮ አንድ ሥርዓት ነበሩ። ቆርቆሮ ከመጣም በኋላ በየከተማው ዋና ጎዳና ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ክዳኑን ወደ ፊት አስረዝሞ፣ በእንጨት ቋሚ ደግፎ ታዛ አበጀ። በዚያ ታዛ ሥር ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘረጋ፤ ከገጠር የመጣው ባለጉዳይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመ፤ ጉልት ቸርቻሪዋ በርበሬዋን ሳይርስባት ሸጠች። ታዛ የቤት ጌጥ አልነበረም። የግል ቤት ለሕዝብ የሚሰጠው ድርሻ ነበር።

የዛሬው ሕንፃ ይህን ድርሻ ነፍጓል። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ክዳኑ ከግንብ በስተኋላ የተደበቀ፣ ከላይ እስከ ታች አሉሚኒየምና መስተዋት የለበሰ ሣጥን ነው። ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ይደበደባል፤ እግረኛው በቦይና በግድግዳ መካከል ይበሰብሳል፤ ቸርቻሪዋ ላስቲክ ተከናንባ ትሮጣለች። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መስተዋቱ ሙቀቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ይይዘዋል። ከሚዛን ዝቅ ብላ በምትገኘው በሞቃቷ ቴፒ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቢሮ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ብርሃን እንዲያስገባ የተገጠመው መስተዋት በመጋረጃ ይሸፈናል፤ መጋረጃው ስላጨለመም በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል። ይህን ዘመናዊነት ብለን ልንጠራው ነውን?

ከየት ተቀዳ?

መልሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዋና ከተማችን የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳንና የአካባቢዋን አሮጌ ሰፈሮች አፍርሶ ጎዳና ካሰፋ ወዲህ፣ ይኸው ሥራ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። በሥራው ውስጥ የሚመሰገን አለ። የእግረኛ መንገድ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የመንገድ መብራት ለሕዝብ የሚያስፈልጉ ነገሮች ናቸው፤ እነዚህን የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም። ሆኖም ከሥራው ጋር አብሮ የተጓዘው መልክ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ መስተዋቷን ከዱባይ ቀዳች፤ የክልል ከተማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይቀዳል። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ዝናብ ያላት የበረሃ ከተማ መልክ፣ ከዚያ አሥራ አምስት እጥፍ በሚዘንብበት ደን ውስጥ ተተከለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል አገሩ፤ የሰው መስተዋትማ ጭራሽ አይከልልም።

ልማዱ የቆየ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ ከተከፈቱት አሥራ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ሕንፃዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት በአንድ ዓይነት ንድፍ ነበር። ወጪ ለመቀነስና ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል መደረጉ ይገባናል፤ ብዙ ሺህ ወጣቶችም በዚያ ተምረዋል። ነገር ግን ለደረቁ ቆላና ለዝናባማው ደን አንድ ንድፍ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ከግቢው አጥር ወጥቶ ወደ ከተማው ሲገባ፣ ሚዛንን ከአዳማ፣ ቴፒን ከሆሳዕና የሚለያት ምልክት የማስታወቂያ ሰሌዳዋ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ምሳሌ አጥተን ነው እንዳይባል ቅርብ አለልን። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅማ ከተማ በላይ በጅሬን ኮረብታ ቆሟል። የቡና አገር ሕንፃ ነው። የእንጨት ሥራው፣ ሰፊው ሰገነቱና ወደ ውጭ የተዘረጋው ክዳኑ ፎቅና ታዛ እንደማይጣሉ ይመሰክራሉ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ አናጺ የፈታውን ጥያቄ የዛሬው መሐንዲስ ጥያቄነቱንም የረሳው ይመስላል።

ከሩቅ አምጡ ለሚሉንም አለን። በየስብሰባው እንደ ልማት አርአያ ስሟ የሚነሣውን ሲንጋፖርን እንመልከት። ዝናባማ ናት፤ ትንሽ የንግድ መንደርም ነበረች። የእንግሊዙ ሹም ራፍልስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1822 የከተማዋን ፕላን ሲያስነድፍ፣ በመንገድ ዳር የሚሠራ ሱቅ ሁሉ ከፊቱ የተከደነና ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘ የእግረኛ መተላለፊያ እንዲኖረው አዘዘ። ስፋቱ አምስት ጫማ ስለ ነበር ስሙም በዚሁ ቀረ። ዛሬም ሲንጋፖር ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ሠርታ እግረኛዋን ከዝናብ መከለሏን አልተወችም። እኛ ከሲንጋፖር ፎቁን አየን፤ ታዛውን ግን አላየንም።

ጥላ የሌለው ቡና

የቡና ገበሬ ጫካ ገብቶ ማሳ ሲያዘጋጅ ዛፍ ሁሉ አይቆርጥም። ይመርጣል። ዋንዛውን፣ ብርብራውንና ሳሳውን ያስቀራል፤ ቡናው ያለ ጥላ እንደሚቃጠል ያውቃልና። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። የዚህ ገበሬ ልጅ ተምሮ የከተማ ፕላን ቢሮ ሲቀጠር ግን አስቀድሞ የሚያዝዘው መሬቱ እንዲመነጠር ነው። ዋርካው ይወድቃል፤ በምትኩም ጥላ የሌለው ዘንባባ በሰልፍ ይተከላል። የካፋ ደን በ2002፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግበው ዓለም ሲያደንቃቸው፣ በእነርሱ ጎረቤት ያለ ከተማ ነዋሪ የሚቀመጥበት የዛፍ ጥላ ማጣቱ ከአሳፋሪነቱ በላይ አስቂኝ ነው።

ስለ ጓሮም መናገር ይገባል። የከተማ ቦታ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ከሆነ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የሊዝ ሥርዓት ከመጣ ወዲህ፣ ቦታ በካሬ ሜትር የሚሰላ ዋጋ አለው። በጨረታ በውድ የገዛ ሰው አንዲት ክንድ ባዶ መሬት ማስቀረት አይፈልግም፤ ከወሰን እስከ ወሰን በሲሚንቶ ይሞላዋል። እንሰቱ፣ ጎደሬውና አምስት እግር ቡናው ይነቀላሉ። እናቶች በክፉ ቀን ቤተሰባቸውን የሚያወጡበት ጎተራ ጠፋ ማለት ነው። ፕላኑ ግን ይህን በኪሳራ አይጽፈውም፤ አረንጓዴ ቦታ ብሎ በካርታው ላይ ቀለም ይቀባና ያልፋል።

ለሚቃወሙን

«እናንተ ሕዝቡ ወደ ሣር ጎጆ እንዲመለስ ትፈልጋላችሁ» የሚሉን አይጠፉም። አንፈልግም። የሣር ክዳን በእሳት ያልቃል፤ በየጊዜው መታደስ ይሻል፤ ሕዝቡ ቆርቆሮን የመረጠው በምክንያት ነው። ፎቅም ይሠራ፤ የከተማ ሰው ሲበዛ ማሳውን ከመውረር ወደ ላይ ማደግ ይሻላል። የምንከራከረው ስለ ጎጆው ቅርጽ ሳይሆን በጎጆው ውስጥ ስላለው ዕውቀት ነው። ክዳኑ ይዘርጋ፣ ግድግዳው ይተንፍስ፣ ውሃው መሬት ይግባ።

«እንጨት እንሥራ ማለት ደኑን መጨረስ ነው» የሚሉም አሉ። ሥጋታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በአፍሪካ ካለው የቀርከሃ ሀብት ከግማሽ በላይ እንደሚገኝባት ይነገራል፤ በማሻ ደጋም ቀርከሃ ሞልቷል። ቀርከሃ ተቆርጦ በጥቂት ዓመታት የሚተካ ተክል ነው። በአግባቡ ታክሞ ለታዛ፣ ለጣሪያ ውስጥና ለፀሐይ መከለያ ቢውል የሸካው ገበሬ ገቢ ያገኝበታል። በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት እናት፣ ተማሪዎቹን በአገር ቁሳቁስ ላይ ያስጠና ነበር። ጥናቱ እንግዳ አይደለም ማለት ነው፤ እንግዳ የሆነው ፈቃዱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው «ገንዘብ የለንም» የሚለው ነው። ሕንፃ የሚለብሰው አሉሚኒየምና መስተዋት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ደግሞ በከፊል ከየት እንደሚገኝ ማንም ያውቃል፤ ከቡና። የበበቃና የቴፒ ለቃሚ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ የለቀመው ቡና ባሕር ተሻግሮ ሄዶ መስተዋት ሆኖ ይመለሳል፤ ያ መስተዋትም ለቃሚው ገበያ ሲወጣ ከዝናብ የሚከለልበትን ታዛ ይነፍገዋል። ይህ የልማት ሒሳብ ከሆነ፣ ሒሳቡ ይመርመር።

ምን ይደረግ?

በኃላፊነት ላይ ያለው ካድሬ ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ ተጨባጭ ነገር ይሻልና ሦስት ነገር እናስቀምጥለት። አንደኛ፣ በዋና ጎዳና ላይ የሚሠራ ማናቸውም ሕንፃ ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ታዛ ከሌለው የግንባታ ፈቃድ አይሰጠው። ሁለተኛ፣ በከተማው ክልል ያሉ ትላልቅ ዛፎች ተቆጥረው ይመዝገቡ፤ መንገድ ሲወጣ ዛፉ ለመንገዱ ሳይሆን መንገዱ ለዛፉ ይዙር። ሦስተኛ፣ ጎዳና ሲሰፋ ከቦታዋ የምትነሣ ጉልት ቸርቻሪ ሥራው ሳይጀመር ክዳን ያለው መሸጫ ይሰጣት። ገበያውን ወደ ከተማ ዳር አባርሮ የጸዳ ጎዳና አለኝ ማለት፣ እንግዳ መጣ ብሎ ልጆቹን ከቤት እንደሚያስወጣ አባት መሆን ነው።

መምህራን ደግሞ ተማሪን ወደ ሰፈሩ ይምሩት። በቴፒ ግቢ የምህንድስና ተማሪ ሞልቷል፤ አሮጌዎቹን ባለታዛ ሱቆችና የገጠሩን ቤቶች ለክቶ፣ ሥሎ ቢያስቀምጥ፣ የነገው ንድፍ መነሻ ይኖረዋል። ሳይለካ የፈረሰ ቤት ሁለት ጊዜ ፈረሰ።

ኪነ ጥበብ ሰዎችስ? በአደባባይ መሐል ከሲሚንቶ ጀበና ማቆም ባህልን ማክበር መስሏቸው የሚቀርብላቸውን ሥራ በደስታ የሚቀበሉ አሉ። ጀበናው በጋራ የሚጠጣበት ጥላ ተነቅሎ ጀበናው ብቻ በፀሐይ መቆሙ የባህል መቃብር እንጂ መታሰቢያው አይደለም። ሠዓሊው፣ ቀራጺውና አናጺው ከሕንፃው ማለቅ በኋላ ለጌጥ የሚጠሩ ሳይሆኑ ከመሐንዲሱ ጋር በንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ መሆን አለባቸው። ይህን መብት ማንም አይሰጣቸውም፤ ይጠይቁት።

ሚዛንና ቴፒ ገና ትናንሽ ከተሞች ናቸው። ትልልቆቹ ከተሞች በብዙ ወጪና ፈርሶ በሚሠራ ሥራ ካልሆነ ሊያርሙት የማይችሉትን፣ እነዚህ በአንድ የማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ሊያቀኑት ይችላሉ። የሚጎድለው ገንዘብ ወይም ዕውቀት አይደለም። ዝናብ በሚጥልበት አገር እየኖረ ዝናብ እንደሌለ የሚነድፈውን እጅ የሚይዝ ደፋር ምክር ቤት ነው።