ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንዳይሆን

የዛሬው ጉዳያችን ወጣቶችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቤተሰብን ኪስም የልጅን ጤናም ስለሚነካ በዚህ አምድ ብናነሣው አይበዛበትም። ነገሩ በጆሮ ልክ ተሠርቶ የሚመጣ ኤርፎን ነው።

እስቲ በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ልጃቸው በየሰርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። አንድ ቀን ሞባይሉን ይዞ ይመጣና “አባዬ፣ በጆሮዬ ልክ የሚሠራ ኤርፎን ከውጭ ላስመጣ። ቤዙ የሚመታ፣ ትሬብሉ ጥርት ያለ ነው” ይላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ከጥቂት መቶ ዶላር ተነሥቶ ከሺህ ዶላር በላይ ስለሚደርስ ወሬው ከበግ አልፎ ወደ በሬ ይሄዳል። አባት “ለጆሮ ውታፍ በሬ ይሸጣል እንዴ?” ቢሉ አይፈረድባቸውም። ልጁም ቅንጦት አማረው ተብሎ ብቻ የሚገሠጽ አይደለም።

የልጁን እንስማ። መሰንቆ ይዞ የሚዘፍን አዝማሪ መሣሪያው ከሰውነቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚውል የራሱን ድምፅ ለመስማት አይቸገርም። ኪቦርድና ሞንታርቦ ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሞንታርቦው ወደ ሰርገኛው ዞሮ ሲጮህ ተጫዋቹ ራሱን አይሰማም። ስለዚህ ወደ እሱ የዞረ ሌላ ሞንታርቦ ይደረግለታል፤ ያም አልሰማ ሲል ይጨመራል። ዘፋኙም የእኔ ይጨመር ይላል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ጮኾ ማንም አይሰማም። በውጭው ዓለምም ያው ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ጄሪ ሃርቪ የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ የቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ ለነበረው ለአሌክስ ቫን ሄለን በጆሮው ልክ ኤርፎን የሠራለትና አልቲሜት ኢርስ የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። የውጭውን ጩኸት የሚዘጋ፣ የራስን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚያሰማ ዕቃ ለሙዚቀኛ የሥራ መሣሪያ ነው።

ታዲያ ቤዝና ትሬብሉ የሚመጣው ከየት ነው? ብዙ ሰው ከዋጋው ወይም በውስጡ ካሉት ስፒከሮች ብዛት ይመስለዋል። የቤዝ ነገር ግን በመጀመሪያ የሚወሰነው ኤርፎኑ ጆሮን ግጥም አድርጎ በመዝጋቱ ነው። በጠርዙ ትንሽ ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ በዚያው ይወጣና የሚቀረው ቀጭኑ ብቻ ይሆናል። ይህንን በርካሹ ኤርፎንም መሞከር ይቻላል። ቤዝ ያለበት ዘፈን ከፍተው ኤርፎኑን በጣትዎ በቀስታ ጫን ያድርጉት። ቤዙ ድንገት ከጨመረ ችግሩ የኤርፎኑ ሳይሆን የጎማው ልክ ነው። አብረው የሚመጡትን ትልቅና ትንሽ ጎማዎች እየቀያየሩ ይሞክሩ። የቀኝና የግራ ጆሮ ልክም ሊለያይ ይችላል፤ በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትልቅ ጎማ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም።

በልክ የሚሠራው ኤርፎን ትልቁ ጥቅሙም ይኸው መግጠሙ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ጆሮውን በመሣሪያ አይቶ ኩክ ካለ እንዲጸዳ ያደርጋል፤ ታምቡሩ እንዳይነካ በውስጥ በኩል በክር የታሰረ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ለስላሳ ሲሊኮን ሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ዘፋኝ ከሆነ አፉን ከፍቶ ነው የሚለካው፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳም ቅርጹን ይለውጣልና። የደረቀው ቅርጽ ወደ አምራቹ ይላካል። አደራ፣ ይህ እቤት የሚሞከር ነገር አይደለም። ሰም አቅልጦ ወይም ማጣበቂያ ጆሮ ውስጥ ጨምሮ ልክ መውሰድ ታምቡር ሊጎዳ ይችላል።

ትሬብሉን በተመለከተ ጥርት ማለትና መጮኽ የተለያዩ ናቸው። “ሰ”፣ “ሸ” እና “ጸ” በተባሉ ቁጥር ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ትሬብሉ በዛ እንጂ ጠራ አይባልም። የአዝማሪ ግጥም ደግሞ ሰምና ወርቁ አንዳንዴ በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ላይ ይቆማል። “ገና” ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ “ገና ነው” ይሆናል። ቤዙ ቃሉን ውጦት ይህ ካልለየ፣ ያ ኤርፎን ለአማርኛ ዘፈን አይሆንም። ሌላው ጥሩ መፈተኛ የዓለሙ አጋ በገና ነው። ወፍራሙ አውታር ሲመታ ሆድ የሚሞላው ድምፅና አውታሩን የሚነካው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት ሁለቱም ተለይተው ከተሰሙ ቤዝና ትሬብሉ ተስማምተዋል ማለት ነው።

በስፒከር ብዛትም አንታለል። በኤርፎን ውስጥ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ስፒከር ይገባል። ዳይናሚክ የሚባለው እንደ ሞንታርቦው አየር እየገፋ ይሠራል፤ ቤዝ ይሆንለታል። ባላንስድ አርማቸር የሚባለው ደግሞ በመስሚያ መርጃ መሣሪያ ውስጥም የሚገባ በጣም ትንሽ ስፒከር ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ በማውጣት ይታወቃል። ሁለቱን ያጣመሩም አሉ። ነገር ግን በደንብ የተሠራ ባለ አንድ ስፒከር በደንብ ካልተጣመሩ ስድስት ስፒከሮች ይበልጣል። ሹር ኤስኢ215 የተባለው ብዙ ሙዚቀኛ የሚያውቀው ኤርፎን ባለ አንድ ዳይናሚክ ነው።

አሁን ወደ በሬው እንመለስ። ከመሸጡ በፊት ቤተሰቡ ልጁን አራት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የሚጫወትበት ሚክሰር የራሱን ድምፅ ለይቶ የሚያወጣለት የኤርፎን መሰኪያ አለው? ከሌለው የሺህ ዶላሩም ኤርፎን ከመዝጊያ ጥጥ አይሻልም። ሁለተኛ፣ ዕድሜው ስንት ነው? እያደገ ያለ ልጅ ጆሮውም ያድጋል፤ ዛሬ የገጠመው ነገ ይሰፋል። ሦስተኛ፣ ልኩን የሚወስደው ማነው? ሥራው የመስሚያ መርጃ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ የመንገዱ ወጪ አብሮ ይቆጠር። አራተኛ፣ ተሠርቶ ሲመጣ ባይገጥምስ? አምራቹ በስንት ቀን ውስጥ በነፃ እንደሚያስተካክል አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የመላኪያውና የጉምሩኩ ጣጣም ይታሰብ። በሬ ቢያስፈልግ ተመልሶ ይሸጣል፤ በአንድ ሰው ጆሮ ልክ የተሠራ ኤርፎን ግን ለወንድምም አይሆን።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ባለ ጎማ፣ ባለ ገመድ፣ ደህና የመድረክ ኤርፎን ይገዛ። በብሉቱዝ የሚሠራው ለሙዚቀኛ አይሆንም፤ ድምፁ ስለሚዘገይ ጣቱና ጆሮው አይገናኙም። ባለ ገመዱ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ቻርጅ አልቆበት አያሳፍርም። ልጁ በእሱ ሠርቶ፣ ከሙዚቃው ገቢ አግኝቶ፣ ጎማው በቃኝ ሲለው በልክ የሚሠራውን ከራሱ ገቢ ያሠራ። ያኔ ቅንጦት አይባልም።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ጆሮው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል። 90 ዴሲቤል ሲሆን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ 100 ሲሆን በሳምንት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀራል። ለልጆች መነሻው ራሱ 75 ዴሲቤል ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በደንብ የሚዘጋ ኤርፎን ጥቅሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመስማት ማስቻሉ ነው፤ ዘግቶም ከፍ አድርጎም ከሆነ ጉዳቱ ከሞንታርቦው አያንስም። አንዱን ጆሮ አውጥቶ በአንዱ መጫወትም ልማድ እንዳይሆን፤ የቀረውን ጆሮ ድምፅ ያስጨምራልና።

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይባላል። የመስማት ጉዳትም እንዲሁ ከባለቤቱ ይልቅ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያየው ነገር ነው። ልጁ ከሰርግ መልስ ጆሮዬ ጭው ይላል ካለ፣ “ምን አልሽኝ?” ማለት ካበዛ፣ ቴሌቪዥን ከሌላው ሰው በላይ ከፍ ካደረገ፣ ቁጣውን ትተን የጆሮ ሐኪም እናሳየው። ኤርፎን ከገበያ ይገዛል፤ ጆሮ ግን አይገዛም።