በቆላ አገር የመጸው አትክልት

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወቅት በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር መጸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ የአዝመራ ወራት ብቻ አድርጎ ያስበዋል። በድሬዳዋና እርሷን በመሰለ ሞቃትና ደረቅ አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ ግን መጸው የጓሮ አትክልት መዝሪያ ነው። በሰኔ ወር እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርሰው የቀን ሙቀት በኅዳርና በታኅሣሥ ከ30 በታች ይወርዳልና፤ የክረምቱም ርጥበት ገና ከመሬቱ አልጠፋም።

ስለዚህ ቆስጣ፥ ካሮት፥ ቀይ ሥርና ሰላጣ በጥቅምት መጀመሪያ ቢዘሩ መልካም ነው። ቆስጣ በ50 ወይም በ60 ቀን ለመቀንጠስ ስለሚደርስ፥ ኅዳር 15 ቀን የሚጀመረው ጾመ ነቢያት ሳይፈጸም ከጓሮ ወደ ወጥ ቤት ይገባል። በጾም ወራት የአትክልት ዋጋ የሚከብደው ቤተ ሰብ ጥቅሙን ራሱ ያውቀዋል። የሰላጣ ዘር ግን አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲግል በደኅና አይበቅልምና፥ ጥላ ባለበት ስፍራ ይዘራ፤ በላዩም አፈር በስሱ ይነስነስበት።

አትክልትን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው የአጠጣጥ ጉድለት ነው። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ የላዩ አፈር እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ይረጭበት። ቡቃያው ከጸና በኋላ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚረጭበት ተክል ሥሩን ከላይ ብቻ ይዘረጋል፤ ፀሐይም የላዩን አፈር ባደረቀች ጊዜ ወዲያው ይጠወልጋል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፥ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ ውኃው ጠልቆ እስኪገባ ድረስ ማጠጣት ይሻላል። መደቡም ከምድሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይሠራ፤ የፈሰሰበት ውኃ ወደ ሌላ አይሸሽምና። በላዩ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ ርጥበቱን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ የተክሉን ግንድ ግን አይንካ።

አንገቱ የተሰበረ እንስራ ያላት የቤት እመቤትም አትጣለው። ሆዱ ያልተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ በመደቡ መካከል እስከ አፉ ቀብራ ውኃ ትሙላው፤ ትንኝ እንዳይራባበትም በጠፍጣፋ ድንጋይ ትክደነው። ውኃው በሸክላው ገላ በዝግታ እየሰረገ ሥሩን ያጠጣል። ይህ ዘዴ ከ2,000 ዓመት በፊት በቻይና አገር በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይገኛል። በዘይት የተሟሸ ድስት ግን ውኃ ስለማያሳልፍ ለዚህ አይሆንም።

እህልና አትክልት የታጠበበት ውኃም አይደፋ፤ ሳሙና ካልነካው ለመደቡ ይሆናል። ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ በሚመጣበት ቤት አንድ ጣሳ ውኃ ሲባክን የተሸካሚዋ፥ ብዙ ጊዜም የሴት ልጃችን፥ ድካም አብሮ ይባክናል። ስለዚህ አባወራው መደቡን ይቆፍር፤ ወንዶች ልጆችም ገለባውን ያንጥፉ፥ ውኃውንም ይቅዱ። ጓሮው ለቤቱ ሁሉ የሚያበላ ነውና፥ ሥራው በአንዲት ትከሻ ላይ አይውደቅ።