በአንድ መኪና ሥራም ውድድርም?

ክርክሩ የተጀመረው እንደ ሁልጊዜው ማኪያቶ ላይ ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበረች፦ ገንዘብ ችግር ባይሆን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የምታመላልስህ፣ ቅዳሜ ደግሞ የውድድር መም ላይ የምታበርራት አንዲት መኪና ምረጥ ብትባል የቷን ትመርጣለህ? ሁለታችን ፖርሸ 911 ጂቲ3 አልን። አንዳችን ኒሳን ጂቲ-አር አለ። አንዷ «ማዝዳ ኤምኤክስ-5» ስትል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ግን አራታችንም የታክሲ ብር ነበር የምንቆጥረው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የምታነበው የአራት ታክሲ ተሳፋሪዎችን አስተያየት መሆኑን እወቅልን። ቢሆንም ነገሩ ለሳቅ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

ፕሌይስቴሽን ቤት የተማርነው

እውነቱን እንናገር። አብዛኞቻችን መኪና መውደድ የጀመርነው መሪ ጨብጠን አይደለም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሳንቲም እየከፈልን፣ ተራ እየጠበቅን ነው። የጂቲ-አር ፍቅር የገባን ከግራን ቱሪስሞ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ኒሳን በ2007 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ቶኪዮ ላይ ያወጣት አር35 ጂቲ-አር ውስጥ ያለውን የመረጃ ስክሪን የነደፉት የዚያው ጨዋታ ሠሪዎች፣ ፖሊፎኒ ዲጂታሎች ናቸው። ጨዋታው ከመኪና ተቀዳ፤ መኪናዋም ዞራ ከጨዋታው ቀዳች።

ጨዋታው ግን አንድ መጥፎ ልማድ አስይዞናል፦ መኪናን በአንዲት ቁጥር መመዘን። ማን ቀደመ? በስንት ሴኮንድ? ግድግዳ ብትመታስ? ችግር የለም፣ ቁልፍ ተጭነህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

የ20.8 ኪሎ ሜትሩ ዳኛ

የመኪና ፋብሪካዎች የሚኩራሩባት ቁጥር በአብዛኛው የምትወለደው ጀርመን ውስጥ፣ ኑርበርግሪንግ ነው። በ1927 የተከፈተው የዚህ መም ሰሜናዊ ዙር፣ ኖርድሽላይፈ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በጫካ መካከል ሽቅብ ቁልቁል ይጠማዘዛል። የፎርሙላ 1 ሻምፒዮኑ ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ሲኦል» ያለው በከንቱ አይደለም።

በ2008 ኒሳን ጂቲ-አር ይህን መም በ7 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ዞረች ሲል፣ የፖርሸ ሰዎች እኛ ራሳችን ሞክረናት ወደዚያ ቁጥር አልተጠጋችም ብለው ተከራከሩ። ለመኪና ወዳዶች ያ ጭቅጭቅ ከደርቢ አያንስም ነበር። የሁለቱ ፋብሪካዎች መንገድ የተለያየ ነው። ጂቲ-አር ከ1,700 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝን፣ 3.8 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ያላት፣ አራቱንም ጎማ የምታዞር፣ ኮምፒውተሯ ሹፌሩን የሚያግዝ መኪና ናት። በ2021 የወጣችው ጂቲ3 ደግሞ ቱርቦ አታውቅም፤ 4 ሊትር ሞተሯ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር እየጮኸ 510 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ክብደቷ 1,430 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ኖርድሽላይፈን በ6 ደቂቃ ከ59.9 ሴኮንድ ዞራለች።

ታዲያ ይህች ቁጥር ምን ትነግረናለች? በሠለጠነ ሹፌር፣ በደረቅ አስፋልት፣ በተመረጠ ቀን፣ ለመም በተዘጋጀ ጎማ መኪናዋ ምን እንደቻለች ትነግረናለች። ሰኞ ጠዋት በዝናብ ምን እንደምትሆን ግን ትንፍሽ አትልም።

አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል

ከጎማ እንጀምር። የመም ጎማ ለስላሳ ነው፤ ውኃ የሚያስወጣለት ጥርስ ትንሽ ነው። ሲግል አስፋልቱን እንደ ሙጫ ይይዛል። ቀዝቃዛና እርጥብ መንገድ ላይ ግን ከተራው ጎማ የባሰ ያንሸራትታል፤ ቶሎም ያልቃል። የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው። ለመም የተሠራው ሸራ ከፍተኛ ሙቀት ይችላል፤ ሳይግል ግን ይጮኻል፣ ለመያዝም ይዘገያል። በተቃራኒው ተራውን መኪና መም ላይ ወስደህ ደጋግመህ ብትረግጥ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ውስጡ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ ከዚያ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ይነካል። በዚያች ቅጽበት የትኛውም የፈረስ ጉልበት አያድንህም።

የዚህ ሁሉ ጫፍ የታየባት በ2022 የወጣችው ጂቲ3 አርኤስ ናት። በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ክንፎቿና አካሏ 860 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ወደ መሬት ይጫኗታል። ጥምዝ ላይ ይህ ተአምር ነው። ዋጋው ግን አለ፦ ያው ክንፍ ነፋሱን ስለሚገታ የመጨረሻ ፍጥነቷ ከታናሿ ከጂቲ3 ያንሳል። በሌሎቹ 911ዎች ሻንጣ የሚገባበትን የፊት ኮፈን ደግሞ ትልቅ ራዲያተር ሞልቶታል። ሻንጣህ አጠገብህ ይቀመጣል ማለት ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም ማለታችን አይደለም። በ1990 ለገበያ የወጣችው ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ይህን አሳይታለች። አይርተን ሴና ሱዙካ መም ላይ ነድቶ አስተያየቱን ሰጥቶባታል፤ ሆኖም ዙሪያዋን አጥርታ የምታሳይ፣ ጋራዥ የማታዘወትር፣ ገበያ ደርሳ የምትመለስ መኪና ነበረች። የማክላረን ኤፍ1 ነዳፊ ጎርደን መሬይ ሳይቀር ከእሷ መማሩን ተናግሯል። ፈጣን መኪና ለባለቤቷ መከራ መሆን እንደሌለባት ያስተማረችው እሷ ናት።

አዲስ አበባ ስትደርስ

አሁን ሕልማችንን ወደ ሰፈራችን እናምጣት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ስለዚህ ከጂቲ3 510 ፈረሶች መቶ ያህሉ እንጦጦን ሳያዩ ይጠፋሉ። ቱርቦ ያላት ጂቲ-አር አየሩን አምቃ ስለምትስብ ብዙውን ጉድለት ትሞላለች። እዚህ ላይ ለጂቲ-አሩ ወዳጃችን አንድ ነጥብ ሰጥተናል። የሰፈር ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ግን የሁለቱም የፊት ከንፈር ያለቅሳል።

ሌላም ነገር አለ። አገራችን በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ኒሳንም በ2025 የአር35 ምርትን አቁሟል። ስለዚህ በእኛ ከተማ መጪው ፈጣን መኪና የኤሌክትሪክ መሆኑ አይቀርም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አይገደውም። በ2023 የወጣችው የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ አምስት ሰው የምትይዝ መኪና ሆና፣ ለአጭር ጊዜ 650 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች። ችግሯ ክብደት ነው፤ 2,200 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ይህን ያህል ክብደት በፍጥነት ሲጠመዘዝና ሲቆም ጎማና ፍሬን ይበላል፤ መም ላይ ደግሞ ባትሪው እያየኸው ያልቃል።

ፍርዳችን

ሦስት ማኪያቶ ከጠጣን በኋላ የሳቅንባት ልጅ አሸነፈች። ኤምኤክስ-5 ከ1989 ጀምሮ የምትሸጥ፣ አሁንም ከ1,100 ኪሎ ግራም በታች የምትመዝን፣ 184 ያህል የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ መኪና ናት። ቀላል ስለሆነች ፍሬኗ ቶሎ አይግልም፣ ጎማዋ ቶሎ አያልቅም፣ ቤንዚን አትጨርስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አቅሟን አሟጠህ መንዳት ትችላለህ። ጂቲ3ን በሁለተኛ ማርሽ እስከ ጫፍ ብትረግጣት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነሃል፤ ከተማ ውስጥ ወንጀለኛ ለመሆን ሦስተኛ ማርሽ እንኳ አያስፈልግህም። አቅሟን አንድም ቀን የማትነካትን መኪና በየቀኑ መንዳት፣ አንበሳ ገዝቶ ጓዳ ማሰር ነው።

ልጆች ካሉህ ኤምኤክስ-5 ሁለት መቀመጫ ብቻ ናት፤ እናውቃለን። ያኔ ተራዋን 911 ካሬራ እንመክራለን። ከኋላ ትንንሽ መቀመጫ አላት፣ ሻንጣ ትይዛለች፣ ጥሩ የፍሬን ሸራና ዘይት ከተደረገላት መም ላይም አታሳፍርም። ለጂቲ3 ደጋፊዎች ያለን መልስ አንድ ነው፦ ቁጥሯን ሳይሆን ሰኞን አስቡ።

መሙ የት አለ?

እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል። ከጓደኞቻችን አንዱ የወንድሙን መኪና ተውሶ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ፣ ካፊያ ሲያካፋ፣ ቀለበት መንገድ ላይ «እስቲ እንያት» ብሎ ረገጣት። ጎማዋ የተበላ ነበር። ጓደኛችን በሕይወት አለ፤ ጉልበቱ ውስጥ ግን ብረት አለ፤ ኳስ ስንጫወት ዳር ተቀምጦ ቦርሳ ይጠብቃል። የነዳት መኪና ጂቲ-አር አልነበረችም፤ ላዳ የሚቀድማት ዓይነት ነበረች።

ተዋናዩ ፖል ዎከር በኅዳር ወር 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተው ፖርሸ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ ነው። መርማሪዎች እንዳሉት መኪናዋ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ ከ130 እስከ 150 ትሮጥ ነበር፤ ጎማዋም ዘጠኝ ዓመት ያረጀ ነበር። መሪውን የያዘው ሰው የውድድር ልምድ ነበረው። ልምዱ ግን የጎዳና መብራት ምሰሶን አላለሰለሰም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሰዓት 100 ስትነዳ በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ትሄዳለህ፤ እግርህ ፍሬኑን ሳይነካ ማለት ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። መም የተሠራው ለዚህ ነው፦ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይነዳል፣ ብትወጣ የሚቀበልህ አሸዋና ጠጠር አለ፣ ራስህ ላይ ሄልሜት አለ፣ አምቡላንስ ዳር ቆሟል። ቀለበት መንገድ ላይ ያለው ደግሞ የግንብ አጥርና ተሻግራ ቤቷ መግባት የፈለገች እናት ናት።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። ለከተማችን፦ ወጣቱን «አትሩጥ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የታጠረ ሜዳ፣ አሠልጣኝና ሕግ ያለበት አንድ ቦታ ይሰጠው። ማሊያ የለበሰ ሁሉ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ እንደሚጠይቅ፣ መኪና የሚወድም ይጠይቃል። ለእኛው ለራሳችን ደግሞ፦ መም እስኪገኝ ድረስ ውድድሩ ፕሌይስቴሽን ላይ ይቆይ። እንደ አዲስ የሚያስጀምር ቁልፍ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ የቷን መረጥህ? አንቺስ? መልሱን እንጠብቃለን። ማኪያቶው በእኛ፣ ታክሲው በየራሳችን።