ጤና ጣቢያ አይነዳም

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራት ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. ገና የመጣው ምዕመንም ከተማዋን ያገኛት በጨለማ ነው። ላስታ ፀሐይ አልጎደላትም፤ የጎደላት ፀሐይዋን ለሌሊት የሚያቆይ ዕቃ ነው።

እኛ ግን ባትሪ ሲባል የምናውቀው ሊቲየም ሆኗል። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ ባሰብን። ለመኪና እሺ፣ ቀላል ነው። ጤና ጣቢያ ግን አይነዳም። ተተክሎ ለሚቀመጥ ባትሪ ከክብደቱ በፊት እሳት አለመያዙ ይቀድማል። የሊቲየም ባትሪ ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፤ የዚንኩ ጨው የሟሟበት ውኃ ነው።

ነገሩ ባዕድ አይደለም። ለእጅ ባትሪ የምንገዛው ተራው ድንጋይ ዚንክና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው (ሲደክም ፀሐይ ላይ ያላሰጣው ማን አለ?)። ችግሩ መልሶ መሙላቱ ላይ ነው። የዚንክ አዮን ድርብ ቻርጅ ስላለው ካቶዱ ውስጥ እየተጎተተ ነው የሚገባው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማንጋኒዙን ከፀጉር ሺህ ጊዜ በቀጠነ ክር መልክ ይሠሩታል፤ መንገዱ ያጥራል። ግን የቀጠነ ነገር ለውኃው የሚጋለጥ ገጹ ብዙ ነው፤ ማንጋኒዙ እየሟሟ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የፓስፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ፈሳሹ ላይ አስቀድመው የማንጋኒዝ ጨው ጨመሩበት። ባትሪው 5,000 ጊዜ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ 92 በመቶ አቅሙ አልለቀቀውም። ላቦራቶሪ ውስጥ መሆኑ ግን አይረሳ።

ጉድለትም አለው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ውኃው ራሱ ይበተናል፤ ስለዚህ በኪሎ የሚይዘው ኃይል ከሊቲየም ያንሳል። አሸተን ማርያም ዳገቱን በበቅሎ ለሚወጣ ዕቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ አለ፤ ውኃ ይረጋል።

ቢሆንም እኔ የምከራከረው ለዚንክ ነው፤ ምክንያቴም የላቦራቶሪያችን ኪስ ነው። የሊቲየም ሴል የሚገጠመው አየርና እርጥበት በማይገባበት፣ አርጎን በተሞላ ሳጥን ውስጥ ነው። የዚንኩ ተራ ጠረጴዛ ላይ ይገጠማል። ታይዋን ድረስ ሄደው በባትሪ ዶክትሬት የሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉን፤ አገራቸው ሲመለሱ ያንን ሳጥን በዶላር እስክንገዛላቸው ለምን እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ? ማንጋኒዙም አፋር፣ እንካፈላ አለ።

ለጤና ጣቢያ የሶላር ጨረታ ሲወጣም «ሊቲየም» ብሎ ከመዝጋት፣ የክትባቱን ፍሪጅ ስንት ሌሊት፣ በስንት ዲግሪ ብርድ፣ ለስንት ዓመት እንደሚያቆም ይጠየቅ። የቻለ ይወዳደር።